ከ52,000 ወደ 48,000 ብር፦ የአንዲት የግል ስፖርት አሰልጣኝ የክፍያ መጠየቂያ

ጉዳዩ በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ያጋጠመ ነው። አንዲት የግል የአካል ብቃት አሰልጣኝ የአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሠራተኞችን ከጥር እስከ መጋቢት ስታሰለጥን ቆይታ የ52,000 ብር የክፍያ መጠየቂያ አስገባች። በድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን ሂሳቡ 46,000 ብር ነበር፤ በዚያ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ስላላቀረበች ከክፍያዋ 30 በመቶ ተቀንሶ እንደሚያዝ ተነገራት። በመጨረሻ ስምምነት የተደረሰው በ48,000 ብር ሲሆን፣ ገንዘቡ እጇ የገባው ሥራው ካለቀ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

እኔ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሂሳብ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ፋይሉ እኔ ዘንድ የመጣው መጠየቂያው ተመላሽ ከሆነ በኋላ ነበር። የአሰልጣኟንም ሆነ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩን በዝርዝር እንድጽፈው ግን ራሷ ፈቅዳለች። ልጽፈው የፈለግሁት ደግሞ በዚህ ሙያ ተሰማርተው ሥራቸውን እጅግ አሳምረው የሚሠሩ ወጣቶች በሂሳብ ጉዳይ ሲጎዱ ደጋግሜ ስላየሁና ጉዳቱ የሚጀምረው መጠየቂያው ከመጻፉ ከወራት በፊት፣ ዋጋ በአፍ በተነገረበት ሰዓት መሆኑን ይህ ጉዳይ ከማናቸውም በላይ ስለሚያሳይ ነው።

ሥራውና ስምምነቱ

አሰልጣኟ የራሷ ጂም የላትም። ቦሌ፣ ሲኤምሲና ሰሚት አካባቢ የሚኖሩ ስምንት ደንበኞች አሏት፤ ምንጣፉን፣ ዳምቤሉንና የመለጠጫ ጎማውን ይዛ ቤታቸው ድረስ እየሄደች እያንዳንዳቸውን በሳምንት ሦስት ቀን ታሰለጥናለች፤ አንዱ ደንበኛ በወር 6,000 ብር ይከፍላል። ገንዘቡ የሚመጣው በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ሂሳቧ ሲሆን፣ ከባንኩ ከሚላከው አጭር መልእክት በቀር ማን ለየትኛው ወር እንደከፈለ የሚያሳይ መዝገብ አልነበራትም።

ከነዚህ ደንበኞች አንዷ የምትሠራበት ድርጅት ለሠራተኞቹ ከሥራ ሰዓት በኋላ የስፖርት ፕሮግራም ለመጀመር ሲያስብ እሷን ጠቆመች። የሰው ኃይል ኃላፊው በስልክ አነጋገራት፤ የተስማሙበትንም በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጻፈላት፦ «ኮች፣ በተነጋገርነው መሠረት ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአንድ ሰዓት፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ 2,000 ብር። ከጥር መጀመሪያ እንጀምር።» እሷም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ መለሰች። ውሉ ይኸው ነበር። ዋጋው ግብርን ይጨምር አይጨምር፣ ክፍለ ጊዜ ሲሰረዝ ሂሳቡ ምን እንደሚሆን፣ መጠየቂያው በየስንት ጊዜው እንደሚቀርብ፣ ለማን እንደሚቀርብና በስንት ቀን እንደሚከፈል አንዱም አልተነሣም።

ይህን መልእክት ግን አላቃልለውም። ዋጋው በክፍለ ጊዜ እንጂ በሰው ቁጥር አለመሆኑን በጽሑፍ ያረጋገጠው ይህ መልእክት ብቻ ነበር፤ በኋላ እንደሚታየውም አንዱን ክርክር በቀላሉ ዘግቶላታል።

ቆጠራው

ሦስቱ ወራት ሲያልቁ አሰልጣኟ ሂሳቧን የሠራችው በሳምንታት ነው። ከጥር 1 እስከ መጋቢት 30 ድረስ 13 ማክሰኞና 13 ሐሙስ ስለነበረ 26 ክፍለ ጊዜ በ2,000 ብር አባዝታ 52,000 ብር ጠየቀች። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ጥምቀትም የዓድዋ ድል በዓልም ሐሙስ ላይ ውለው ነበር፤ ጥር 11ም ሆነ የካቲት 23 ድርጅቱ ዝግ ነበር፣ ሥልጠናም አልተሰጠም። አሰልጣኟ የደንበኞቿን ሂሳብ በወር ስለለመደችው በዓል ከወር ክፍያ ላይ አይቀነስም ብላ አሰበች። በወር ለሚከፈል ዋጋ ይህ አስተሳሰብ ትክክል ነው፤ በክፍለ ጊዜ ለተቆረጠ ዋጋ ግን ያልተሰጠ ክፍለ ጊዜ አይከፈልም። በዚህ ረገድ ድርጅቱ ትክክል ነበር፤ እሷም ሲገለጽላት ሳትከራከር ተቀበለች።

የቀረው ልዩነት የካቲት 16 ቀን ነው። በዚያ ሐሙስ የሠራተኞች ስብሰባ ከተያዘለት ሰዓት በላይ በመርዘሙ ሥልጠናው ሳይካሄድ ቀረ። የድርጅቱ ፋይናንስ ክፍል ሠራተኞቹ የሚፈርሙበትን የተሳትፎ ቅጽ አይቶ ፊርማ የሌለበትን ቀን በመቀነሱ 23 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 46,000 ብር ላይ ደረሰ። አሰልጣኟ ግን በሰዓቱ ተገኝታ አዳራሹ ውስጥ ምንጣፎቹን አንጥፋ ስትጠብቅ እንደነበር፣ ስለ ስብሰባውም አስቀድሞ የነገራት እንዳልነበረ ተናገረች። የቃል ክርክር ሆኖ ሊቀር ሲል የደረሰላት የጥበቃዎች መዝገብ ነው፤ በዚያ መዝገብ ላይ በዕለቱ ከ11 ሰዓት ከሩብ መግባቷና ከ12 ሰዓት ከሃያ መውጣቷ ከነፊርማዋ ሰፍሮ ተገኘ። የፋይናንስ ኃላፊዋም መዝገቡን ካዩ በኋላ ቀኑ እንዲቆጠር ፈቀዱ፤ ድምሩም 24 ክፍለ ጊዜ፣ 48,000 ብር ሆነ።

በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ ፍትሐዊ ነው፤ የአንድ አሰልጣኝ ሰዓት ተይዞ ካለፈ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሸጥ አይችልምና። ነገር ግን በዚያ ቀን ያዳናት የጥበቃ መዝገብ በሌላ መሥሪያ ቤት ላይገኝ ይችላል፤ ማስረጃዋ በሌላ ሰው እጅ ያለ ማስረጃ ነበር።

ሌላም ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ዓቢይ ጾም የካቲት 13 ከገባ በኋላ የተሳታፊዎች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ፤ መጋቢት 14 ረመዳን ሲጀምር ደግሞ ሙስሊም ሠራተኞች ከማፍጠሪያ ሰዓት ጋር ስለሚጋጭባቸው ቀሩ። ፋይናንስ ክፍሉ በመጋቢት ወር ለነበሩት ቀናት ዋጋው እንዲቀነስ ሐሳብ አቀረበ። የቴሌግራሙ መልእክት «ለአንድ ክፍለ ጊዜ 2,000 ብር» ስለሚል ሐሳቡ ወዲያው ውድቅ ሆነ። በአገራችን ለሚሠራ አሰልጣኝ የአጽዋማቱ ወራት ሁልጊዜ የሚመጡ ናቸውና ዋጋ በሰው ቁጥር መቁረጥ አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ሰዓቱን ለእነዚህ ወራት አስቀድሞ ማሻሻል ለሠራተኞቹም ይሻላል።

የሁለት ዘመን አቆጣጠር ችግር

መጠየቂያው የተመለሰበት ሁለተኛው ምክንያት ገንዘቡን የሚመለከት አልነበረም፤ ክፍያውን ያጓተተው ግን እሱም ነው። አሰልጣኟ ቀኑን «30/07/2015» ብላ ጻፈች፤ ይህም መጋቢት 30 ማለቷ ነው። የድርጅቱ ሂሳብ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚሠራ ቁጥሩ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ የስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው የሐምሌ ወር ሰነድ ሆኖ ታየ፤ ሥርዓቱም አልቀበል አለ።

ቀኑ ቢስተካከልም ነገሩ አላበቃም። የድርጅቱ ሩብ ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ማርች 31 ሲሆን፣ ያ ቀን በ2015 ዓ.ም. መጋቢት 22 ላይ ይውላል። ስለዚህ መጋቢት 26 እና 28 የተሰጡት ሁለት ክፍለ ጊዜያት ወደ ቀጣዩ ሩብ ዓመት፣ ማለትም ወደ ሌላ የበጀት መደብ ገቡ፤ በአንድ መጠየቂያ የቀረበውም ሂሳብ ለሁለት መከፈል ነበረበት፤ አንደኛው የ22 ክፍለ ጊዜ 44,000 ብር፣ ሁለተኛው የሁለት ክፍለ ጊዜ 4,000 ብር። ከለጋሾች በሚገኝ ገንዘብ የሚሠሩ ድርጅቶች ለእንዲህ ያለው ነገር በጣም ጥንቁቅ ናቸው፤ ለኦዲት መልስ የሚሰጡበት ነውና ፋይናንስ ክፍሉን በከንቱ አስቸጋሪነት ልወቅሰው አልችልም። ይልቁንም ለእንዲህ ያለ ደንበኛ የሚጻፍ መጠየቂያ ወሩን በስሙ ጠቅሶ ሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢያሰፍርና ሥልጠና የተሰጠባቸውን ቀናት አንድ በአንድ ቢዘረዝር ይህ ሁሉ መመላለስ ባልመጣ ነበር።

ግብሩ

ከሁሉ የከበደው ይህ ክፍል ነው። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን ጨምሮ ሕጋዊ ሰውነት ያላቸው ተቋማት ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ የአገልግሎት ግዢ ሲከፍሉ 2 በመቶ ቀንሰው ለግብር ባለሥልጣኑ እንዲያስገቡ ያስገድድ ነበር፤ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የምንለው ነው። አገልግሎት ሰጪው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካላቀረበ ግን የሚቀነሰው 30 በመቶ ነበር። አሰልጣኟ ክፍያዋ ለአንድ ቀን 2,000 ብር ስለሆነ ከ3,000 ብር በታች ነው፣ ስለዚህ አይመለከተኝም ብላ ነበር። ሕጉ ግን የሚያየው የአንድን ቀን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በአንድ የአገልግሎት ውል የሚከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ 24ቱም ክፍለ ጊዜያት የአንድ ውል አካል ነበሩ። በ48,000 ብር ላይ 30 በመቶ ማለት 14,400 ብር ነው።

እዚህ ላይ የፋይናንስ ኃላፊዋን ማመስገን ይገባል። ወዲያው ከፍለው 14,400 ብሩን ቢቀንሱ ሕጉን ከማክበር በቀር ሌላ ባላጠፉ ነበር፤ እሳቸው ግን ደውለው «ልጄ፣ ቲን አውጥተሽ እስክትመጪ ክፍያውን ላቆየው ወይስ አሁን ይቀነስ?» ብለው ጠየቋት። ግብሩ የሚቀነሰው ክፍያው በሚፈጸምበት ጊዜ በመሆኑ መጠበቁ የሚያዋጣ ነበር። አሰልጣኟም አሻራ ሰጥታ መለያ ቁጥሩን አገኘች፤ ንግድ ፈቃዱ ግን የሥራ አድራሻ ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ የራሷ ጂም ለሌላት ሰው ማስረጃውን ማሟላት ጊዜ ወሰደ። ድርጅቱ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለሚፈልግ በግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሚታተመውን የደረሰኝ ጥራዝ መጠበቅም ነበረባት። የክፍያ መጠየቂያ ገንዘቡ እንዲከፈል የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ መከፈሉን ለግብር የሚያረጋግጠው ደረሰኙ በመሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዚያ የዋጋው ጥያቄ መጣ። የቤት ደንበኞቿም ሲደመሩ ዓመታዊ ገቢዋ ከ500,000 ብር በላይና ከአንድ ሚሊዮን ብር በታች ስለሚሆን በዚያን ጊዜ አከፋፈል የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ነበረች፤ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የመመዝገብ ግዴታ አልነበረባትም፤ በአዋጅ ቁጥር 308/1995 መሠረት ግን በአገልግሎት ላይ ይጣል የነበረው 10 በመቶ የተርን ኦቨር ታክስ (ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ሰው ከሽያጩ ላይ ይከፍለው የነበረው) ይመለከታት ነበር። ይህ ታክስ በ2,000 ብሩ ላይ ይጨመራል ወይስ ከውስጡ ይወጣል? በቴሌግራሙ መልእክት ላይ ምንም የተባለ ነገር ስለሌለ ድርጅቱ ከበጀተው በላይ አልከፍልም አለ፤ ሂሳቡም ታክሱ ከውስጥ እንዲወጣ ሆኖ ተሠራ። ከ44,000 ብሩ ውስጥ 40,000 ብር የአገልግሎት ዋጋ፣ 4,000 ብር ታክስ ሆነ፤ ከሁለተኛው መጠየቂያ 4,000 ብር ውስጥ ደግሞ 3,636.36 ብር ዋጋ፣ 363.64 ብር ታክስ። የ2 በመቶው ቅናሽ ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሚሰላ 800 ብርና 72.73 ብር፣ በድምሩ 872.73 ብር ተቀነሰ። ባንክ የገባላት 47,127.27 ብር ሲሆን፣ ከዚህ ላይ 4,363.64 ብሩን ለግብር ቢሮ አስገብታ በእጇ የቀረው 42,763.63 ብር ነው።

የተቀነሰው 872.73 ብር በዓመቱ መጨረሻ ከምትከፍለው የገቢ ግብር ላይ የሚታሰብላት ስለሆነ የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ እንዲታሰብላት ግን ድርጅቱ የሚሰጣትን የቅናሽ ደረሰኝ መያዝ አለባት። በሌላ በኩል ከ4,000 ብር በላይ የሆነው ታክስ ከኪሷ ወጥቷል ማለት ይቻላል። «ዋጋው ታክስን አይጨምርም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በጥር ወር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ገንዘብ ከእሷ አይሄድም ነበር። ከጉዳዩ ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የቤት ደንበኞቹ

ፋይሉን ስናየው የቤት ደንበኞቹን ሂሳብም አብረን አገላበጥን። የባንክ መልእክቶቹን በኤፍቲ በሚጀምረው የግብይት ቁጥራቸው እያስተያየን ከሥልጠናው ቀናት ጋር ስናገናዝብ፣ ሁለት ደንበኞች የአንድ የአንድ ወር ክፍያ እንዳልከፈሉ ታወቀ። ሁለቱም አቅም ያላቸው፣ እሷንም የሚወዱና የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው፤ ገንዘቡን ለማስቀረት ብለው እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። አንዷ በዕድሜ የገፉ፣ አሰልጣኟ «እትዬ» የምትላቸው እመቤት ሲሆኑ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ሄደው ሲመለሱ ሂሳቡ ተረስቶ ቀርቷል። እሷም ቤታቸው ገብታ፣ ቡና ተፈልቶላት፣ «እንደ ልጄ» ከሚሏት ሰው ፊት የገንዘብ ነገር ማንሣት አልቻለችም።

ይሉኝታን እንደ ድክመት አልቆጥረውም። ሰው ቤት ገብቶ ለሚሠራ ባለሙያ ደንበኝነትን የሚያጸናው መከባበር ነውና። ነገር ግን ይሉኝታ የሚከብደው ገንዘቡ በአፍ ሲጠየቅ ነው። በወሩ መጨረሻ ለሁሉም ደንበኛ በአንድ ቀንና በአንድ ዓይነት ቃል የሚላክ መጠየቂያ ግን ማንንም ለይቶ አይነካም። ለእመቤቲቱ የተላከላቸው ጽሑፍ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የየካቲት ወር ሂሳብዎ 12 ክፍለ ጊዜ፣ 6,000 ብር ነው። የሠራንባቸው ቀናት ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል፤ የተሳሳተ ካለ ይንገሩኝ። በቴሌብርም በባንክም መላክ ይችላሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» በዚያው ዕለት ከፈሉ፤ ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም ብለውም ተቆጧት።

ሌላው ደንበኛ ግን ሥልጠናውን አቋርጦ ስለነበር መልስ አልሰጠም። የ6,000 ብር ዕዳ ተከታትሎ ማስከፈል ከሚወስደው ጊዜ አንጻር አያዋጣም ብዬ መከርኳት፤ እሷም ተወችው።

ከወርኃዊ ክፍያ ይልቅ አስቀድሞ የሚከፈል የ12 ክፍለ ጊዜ ጥቅል እንድትጀምርም ተነጋግረን ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ያልተከፈለ ሥራ አይኖርም። ሆኖም ደንበኛው ታሞ ወይም ተጉዞ የቀሩት ክፍለ ጊዜያት እየተጠራቀሙ ከሄዱ ገንዘቡን ያጠፋችው አሰልጣኝ ያለ ገቢ የምትሠራበት ወር ይመጣል። ስለዚህ ጥቅሉ በ45 ቀን እንዲያልቅ፣ ከ24 ሰዓት በፊት የተነገረ መቅረት እንዲካካስ፣ ከዚያ ዘግይቶ የተነገረ መቅረት ግን እንደተሰጠ እንዲቆጠር ወሰነች። ዘግይቶ ለሚከፍል ግለሰብ ቅጣት የመጨመሩን ሐሳብ ግን አልደገፍኩትም፤ ከሰው ቤት ገብቶ ለሚሠራ ሰው ከሚያስገኘው ገንዘብ የሚያሳጣው ደንበኛ ይበልጣል። ከአንዷ በቀር ደንበኞቿ አዲሱን አሠራር ተቀበሉ፤ እሷ ግን በወር መክፈል ይሻለኛል ብላ በዚያው ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ

ድርጅቱ ሁለቱን መጠየቂያዎች የከፈለው በሰኔ ነው። ሥልጠናው ከሐምሌ ጀምሮ እንዲቀጥል ሲጠየቅ አሰልጣኟ አንድ ገጽ ውል ይዛ ቀረበች። ዋጋው ለአንድ ክፍለ ጊዜ 2,000 ብር ሆኖ 10 በመቶው ታክስ ለብቻው ተጨምሮ 2,200 ብር እንደሚሆን፣ የበዓል ቀናት እንደማይከፈሉ፣ በዕለቱ የተሰረዘ ክፍለ ጊዜ እንደሚከፈል፣ መጠየቂያው በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ እንደሚቀርብና በ15 ቀን ውስጥ እንደሚከፈል ይገልጻል። ድርጅቱ ከ15 ቀን ይልቅ 30 ቀን ይሁን ከማለቱ በቀር ሁሉንም ተቀበለ፤ 200 ብሯም ያላንዳች ክርክር ጸደቀች። በየቀኑ ሥልጠናው ሲያልቅ አሰልጣኟና የሰው ኃይል ኃላፊው በሁለት ቅጂ የሚፈርሙበት ቅጽ ተዘጋጀ፤ አንዱ ቅጂ እሷ ዘንድ ይቀራል፣ ከመጠየቂያውም ጋር ይያያዛል።

በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው መጠኖች በ2015 ዓ.ም. የነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ በ2016፣ የገቢ ግብር አዋጁ ማሻሻያ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ስለወጡ የግብር ከፋይ ደረጃዎቹም ሆኑ የቅናሹ መጠንና ወለል ተለውጠዋል፤ መጠየቂያ የሚጽፍ ሰው በሥራ ላይ ያለውን መጠን ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ይጻፍ። አሰልጣኟ የ2015ን ዓመታዊ ግብር ያስታወቀችው ለደረጃ «ለ» በተፈቀደው ጊዜ፣ በነሐሴ ወር ነበር፤ የ800 ብሩና የ72.73 ብሩ የቅናሽ ደረሰኞች ከማስታወቂያ ቅጹ ጋር ተያይዘው ቀርበዋል። የትራንስፖርትና የስፖርት ዕቃ ወጪዋ ግን አብዛኛው ደረሰኝ ስላልነበረው ከገቢዋ ላይ ሊቀነስላት አልቻለም።